መርፌው ሌላ፣ ፎርሙ ሌላ

ጥያቄ፦ «ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ናት። ከትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ሊሰጥ ነው ተብሎ ፎርም ተላከልኝ። ስሟን፣ የትውልድ ቀኗን፣ የእኔን ስልክና የፋይዳ ቁጥር ይጠይቃል። ‹ሌላ በሽታ አለባት ወይ? ምን?› የሚልም አለበት። ባለቤቴ የሚሠራው አቡ ዳቢ ነው። ‹ቲክቶክ ላይ አይቻለሁ፤ አፍሪካ ውስጥ ሴቶች ላይ የሚሞክሩት ነው፤ መካን ያደርጋል፤ እንዳትፈርሚ› አለኝ። ትልቋ ልጄ የዛሬ አምስት ዓመት ሁለት ጊዜ ነው የተወጋችው። አሁን አንዴ ይበቃል ይላሉ። ይሄም አጠራጠረኝ። መረጃዋ የት ነው የሚሄደው? ሳይጠይቁን ለምርምር ቢያውሉትስ? የመንግሥት ነገር ነውና እምቢ ማለት እችላለሁ? 38 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዳማ ነው።»

ጥያቄዎ ውስጥ ሦስት ነገር ተደባልቋል። አንዱ ክትባቱ ነው። ሁለተኛው ፎርሙ ላይ የሚሰበሰበው መረጃ ነው። ሦስተኛው ምርምር ነው። ሦስቱንም የሚመራው የመንግሥት ፖሊሲ ስለሆነ አንድ ይመስላሉ። ሕጋቸውም አደጋቸውም ግን ለየቅል ነው። በፎርሙ ተናደው መርፌውን ቢከለክሉ ፎርሙን ያዘጋጀው ሰው ምንም አይሆንም። የምትጎዳው ልጅዎ ናት።

ስለዚህ ዋናውን ከፊት ላስቀምጠው። ልጅዎን ያስከትቡ። ፎርሙን ግን እንደመጣ አይሙሉት። ምክንያቴን ቀጥዬ እጽፋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አዋጆቹ ላይ ያለው ብቻ በእኛ ነው።

ባለቤትዎ ካዩት እንነሳ። «አፍሪካ ውስጥ የሚሞክሩት» የሚለው ነገሩን ገልብጦታል። ክትባቱ አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው በ2006 ነው። ለ11 እና ለ12 ዓመት ሴት ልጆች እንዲሰጥ የተመከረውም በዚያው ዓመት ነው። ባለቤትዎ የሚሠሩባት አቡ ዳቢ ለሴት ተማሪዎች መስጠት የጀመረችው በ2008 ነው። እኛ ጋ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2018 መጨረሻ ነው። ከአሜሪካ 12 ዓመት፣ ከአቡ ዳቢ 10 ዓመት ዘግይተናል። ቅሬታ ካለን «ለምን እኛ ላይ ተሞከረ» ሳይሆን «ለምን እስከዚያ ድረስ ሳይደርሰን ቀረ» የሚል መሆን ነበረበት።

የዘገየው በዋጋው ምክንያት ነው። አሜሪካ ውስጥ አንዱ መርፌ ከ200 ዶላር በላይ ያወጣል። ድሃ አገሮች ከ5 ዶላር በታች የሚደርሳቸው ጋቪ የሚባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ጥምረት በብዛት ተደራድሮ ስለሚያስገዛ ነው። ያም ሆኖ በ2018 በዓለም ላይ እጥረት ስለነበር፣ የእኛ አገር ክትባት የተጀመረው 14 ዓመት በሆናቸው ልጆች ብቻ ነው። ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉት ሁሉ የታቀፉት በ2024 ነው።

አሁን ወደ አንዱና ሁለቱ መርፌ። ይህ ጥያቄዎ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ግን ማንም ያስረዳዎት አይመስለኝም። የቁጥሩ መቀነስ ልጅዎ የሙከራ ሰው ሆናለች ማለት አይደለም። ሙከራው አልቆ ውጤቱ ስለታወቀ ነው የተቀነሰው። ነገሩ በአጋጣሚ ነው የጀመረው። ኮስታ ሪካ ውስጥ በተካሄደ አንድ ጥናት ሦስት መርፌ መውሰድ የነበረባቸው አንዳንድ ሴቶች በተለያየ ምክንያት አንዱን ብቻ ወስደው ቀሩ። ተመራማሪዎቹ አልተዋቸውም፤ ከአሥር ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። አንዱ መርፌ አሁንም ይከላከልላቸው ነበር። ከዚያ ኬንያ ውስጥ ነገሩን በትክክል ለመፈተሽ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያሉ 2,275 ወጣት ሴቶች ፈቅደው፣ ፈርመው ተሳተፉ። በ2022 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ አንድ መርፌ ካንሰሩን ከሚያመጣው ኤችፒቪ ከሚባለው ቫይረስ ዋናዎቹን ሁለት ዓይነቶች በ18 ወር ውስጥ 97.5 በመቶ ተከላክሏል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ምክሩን ቀየረ። አገሮችም ተከተሉ፤ የእኛም ጭምር። ልጅዎ አንዴ ብቻ የምትወጋው የናይሮቢና የኪሱሙ ልጆች ጥናቱ ውስጥ በፈቃዳቸው ስለገቡ ነው። ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ውለታ አለባቸው ማለት ሳይሆን፣ ውለታቸው አለብን።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። አንድ መርፌ የሚበቃው ለጤነኛ ልጅ ነው። ኤችአይቪ በደሟ ያለ ወይም የሰውነት መከላከያ አቅሟ በሌላ ምክንያት የተዳከመ ልጅ ቢያንስ ሁለት፣ ከተቻለ ሦስት ያስፈልጋታል። ይህን ነጥብ ስለ ፎርሙ ሳወራ እመለስበታለሁ፤ የጥያቄዎ ዋና ጉዳይ ያለው እዚያ ነውና።

መካን ያደርጋል የሚባለው ውሸት ነው። በብዙ አገር፣ በብዙ ሚሊዮን ልጆች ላይ ተፈትሾ እንዲህ ያለ ነገር አልተገኘም። ማህፀን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው። በሽታው ሲበረታ ሕክምናው ማህፀን ማውጣትና ጨረር ነው፤ ከዚያ በኋላ መውለድ የለም። በአገራችን ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ብዙ ሴት የሚይዘው ይህ ነው። አብዛኛዋ ሐኪም ጋ የምትደርሰው ከረፈደ ነው። በሌላ በኩል ስዊድን ወደ 1.7 ሚሊዮን ሴቶችን ተከታትላ በ2020 ይፋ ባደረገችው ጥናት፣ 17 ዓመት ሳይሞላቸው የተከተቡት በካንሰሩ የመያዝ ዕድላቸው 88 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ስኮትላንድ ውስጥ በ12 እና በ13 ዓመታቸው የተከተቡ ልጆች አድገው ሲታዩ በ2024 በወጣው ጥናት መሠረት አንድም የማህፀን በር ካንሰር አልተገኘባቸውም። አንድም።

መንግሥት ሲወላውል ምን እንደሚመጣ ደግሞ ጃፓን አሳይታለች። በ2013 ሰኔ ላይ ስለ ጎንዮሽ ጉዳት የሚነገር ወሬ በቴሌቪዥን በዝቶ፣ መንግሥት ክትባቱን ሳይከለክል «ተከተቡ» ማለቱን አቆመ። ያ ዝምታ ብቻውን በቂ ነበር። 70 በመቶ ገደማ የነበረው የተከታቢ ቁጥር ከ1 በመቶ በታች ወረደ። በናጎያ ከተማ ወደ 30 ሺህ ወጣት ሴቶች ተጠይቀው በተወሩት የጎንዮሽ ምልክቶች በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል ልዩነት አልታየም። መንግሥት ግን ምክሩን የመለሰው በ2022 ነው። ተመራማሪዎች በስሌት እንደገመቱት፣ ከ2013 እስከ 2019 ባለው መስተጓጎል ብቻ ወደፊት 5,000 ያህል ሴቶች ይሞታሉ። እነዚያ ልጆች ዛሬ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው።

ይህን ስል የእርስዎን ፍርሃት እያጣጣልኩ አይደለም። መንግሥታት ክትባትን ለሌላ ነገር ተጠቅመው ያውቃሉ። በ2011 የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ቢን ላደንን ሲፈልግ አቦታባድ በምትባል የፓኪስታን ከተማ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ዘመቻ በሚል ሽፋን ሐኪም አሰማራ። ዓላማው ቢን ላደን ተደብቆበታል ተብሎ ከተጠረጠረው ግቢ ልጆች ዲኤንኤ ማግኘት ነበር። ነገሩ ሲወጣ የተጎዳው ሲአይኤ አይደለም። ታጣቂዎች የፖሊዮ ክትባትን አገዱ። በ2012 መጨረሻ ቤት ለቤት ጠብታ የሚሰጡ ሴቶች በጥይት ተገደሉ። የ12 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤቶች ኃላፊዎች ለፕሬዚዳንቱ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። በ2014 ዋይት ሐውስ «ከእንግዲህ ክትባትን ለስለላ ሽፋን አንጠቀምም» ብሎ በጽሑፍ ቃል ገባ። እኔ ይህን ታሪክ ሠራተኞች ሳሠለጥን ሁሌም አነሳዋለሁ። ሰው ሲጠረጥራችሁ አትቆጡት፤ የጠረጠረበት ምክንያት አለ እላቸዋለሁ።

ለእርስዎ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሕንድ ነው። በ2009 በአንድራ ፕራዴሽና በጉጃራት ክልሎች ከ20 ሺህ በላይ ሴት ልጆች ይህንኑ ክትባት በጥናት መልክ ወሰዱ። ሰባት ልጆች ሞቱ። ሲጣራ የአሟሟታቸው ምክንያት ከክትባቱ ጋር የሚገናኝ አልሆነም፤ እባብ የነደፋት አለች፣ ውሃ የወሰዳት አለች። በአጣሪዎቹ ዘንድ ግን ሌላ ጉድ ወጣ። አዳሪ ትምህርት ቤት ለነበሩት ብዙ ልጆች የፈረሙት ወላጆች ሳይሆኑ የሆስቴል ኃላፊዎች ነበሩ። ጥናቱ በ2010 ቆመ፤ የአገሪቱ ፓርላማም አጥብቆ ተቸው። ክትባቱ ደህና ነበር። ፊርማው ነው ያበላሸው። «ትምህርት ቤቱ ካለ እሺ» የሚባለው ነገር አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ርዕሰ መምህር የልጅዎ ወላጅ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ፎርሙ። ስሟና ዕድሜዋ ችግር የለውም። አንድ ልጅ ሁለቴ እንዳትወጋ፣ ካርድ ስትጠፋም እንዲገኝላት ያስፈልጋል። የእርስዎ ስልክም ያስኬዳል፤ ልጅቷን ራስ ምታት ቢይዛት ማን ይጠራል? የፋይዳ ቁጥርዎ ግን ለዚህ ሥራ ምን ያደርጋል? ክንድ ላይ መርፌ ለመውጋት የእናት ፋይዳ አያስፈልግም። ፋይዳ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን እና የፊት ምስል የተያያዘበት ቁጥር ነው። ባንክም ሂሳብ ለመክፈት የሚጠይቅዎት እሱኑ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር በወረቀት ላይ፣ ስልክ ቁጥርና የልጅ ስም አጠገብ ተጽፎ በመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ መንከራተት የለበትም። ያንን ቦታ ባዶ ይተዉት። «ካልሞላ አትከተብም» ካሉ ማን እንዳዘዘ በጽሑፍ ይጠይቁ። መልስ ካጡ ልጅቷን ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

እዚህ ላይ ተቃራኒ የሚመስል ነገር ልንገርዎት። ከላይ የጠቀስኩት የስዊድን ጥናት ሊሠራ የቻለው በመታወቂያ ቁጥር ነው። እዚያ እያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር አለው። የክትባት መዝገቡንና የካንሰር መዝገቡን በዚያ ቁጥር አገናኝተው ነው «ይሠራል» ያሉን። እኛም አንድ ቀን ይህን ብናደርግ ደስ ይለኛል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያለው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ከ2011 ጀምሮ አለ፤ ከክትባት መዝገብ ጋር ቢገናኝ ብዙ ያስተምረናል። ስለዚህ ቁጥር በራሱ ጠላት አይደለም። ልዩነቱ ማን እንደሚያገናኘው፣ በየትኛው ሕግ፣ ስሙ ተሰርዞ ነው ወይስ ሳይሰረዝ የሚለው ላይ ነው። ስዊድን ይህን የምትሠራው በሕግና በኮሚቴ ፈቃድ ነው። በትምህርት ቤት ወረቀት አይደለም።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝን። «ሌላ በሽታ አለባት ወይ? ምን?» የሚለውን ቦታ በምንም መልኩ እዚያ ወረቀት ላይ አይሙሉ። ጥያቄው በክፋት የገባ አይመስለኝም። ኤችአይቪ ያለባቸው ልጆች ተጨማሪ መርፌ ስለሚያስፈልጋቸው፣ አለርጂም መታወቅ ስላለበት ነው። ነገር ግን የሚጠየቀው በተሳሳተ ቦታ ነው። ፎርሙን የክፍል ተጠሪ ይሰበስባል፤ መምህር ይቆጥራል፤ ዳይሬክተር ቢሮ ያድራል። ከኤችአይቪ ጋር የተወለደች የ12 ዓመት ልጅ ምስጢሯ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። እንዲህ ያለች ልጅ ያለቻችሁ እናቶች፣ የትምህርት ቤቱን ዘመቻ አትጠብቁ። መድኃኒቷን የምትወስድበት ክሊኒክ ሂዱና እዚያ ጠይቁ። ታሪኳን አስቀድመው ያውቁታል፤ ስንት መርፌ እንደሚያስፈልጋትም እነሱ ይወስናሉ።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ከዓመታት በፊት በአንድ ዘመቻ ላይ ስሠራ የአንድ ትምህርት ቤት ያልተከተቡ ልጆች ዝርዝር ፎቶ ተነስቶ የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለጠፈ። ሐሳቡ የቀሩትን ለማበረታታት ነበር። ከስማቸው ጎን ግን «ምክንያት» የሚል ዓምድ ነበረው። አንዷ ልጅ ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀረች። እኛ ነን ያንን ዓምድ የሠራነው። ከዚያ ወዲህ ፎርም ሲዘጋጅ መጀመሪያ የማየው ምን እንደሚጠይቅ ሳይሆን ምን መጠየቅ እንደሌለበት ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል። ገደብ ሊጣልበት የሚችለው በአስገዳጅ ሁኔታና በተለይ በወጣ ሕግ ነው። ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ጤናን መጠበቅ ስለሆነ በሩ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አይደለም። ከዚያ በላይ ዝርዝር ሕግ የመጣው በቅርቡ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ የጤና መረጃን ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ መድቦታል። ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ ለማይዛመድ ዓላማ አይውልም የሚል መርህ አለው። ስለራስዎ የተያዘውን የማየት፣ ስህተት ካለ የማስታረም መብትም ይሰጣል። በዚህ ሕግ ፊት «የመንግሥት ፎርም ስለሆነ ዝም ብለሽ ሙዪ» የሚባል ነገር የለም።

ግን ሕግ መውጣቱና ሥራ ላይ መዋሉ አንድ አይደሉም። አዋጁ ገና ልጅ ነው። የትምህርት ቤት ጸሐፊዋ ሰምታው ላታውቅ ትችላለች። ሕግ የጠነከረባቸው አገሮችም ሲንሸራተቱ አይተናል። ሲንጋፖር በኮቪድ ጊዜ ሰው ከማን ጋር እንደተገናኘ የሚመዘግብ የስልክ መተግበሪያ አወጣች። መረጃው ለበሽታው ክትትል ብቻ ነው ተብሎ ነበር። በጥር 2021 ፖሊስም ለወንጀል ምርመራ ሊያየው እንደሚችል መንግሥት ራሱ አመነ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ከዚያ በሕግ ለከባድ ወንጀሎች ብቻ ተገደበ። ለዚህ ነው መጀመሪያውኑ የማያስፈልገውን መረጃ አይስጡ የምለው። ያልተሰበሰበ መረጃ አይሾልክም።

የት ይሄዳል ላሉት፦ በተለመደው አሠራር ወደ ላይ የሚሄደው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው። ከታቢዋ በዕድሜ ከፍላ ትቆጥራለች። ቁጥሩ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ክልል፣ ወደ ጤና ሚኒስቴር በኮምፒውተር ሥርዓት ይደመራል። ሚኒስቴሩ «አዳማ ላይ ይህን ያህል ልጅ ተከተበ» ብሎ ያያል። የልጅዎ ስም የሚቀረው ታች፣ መዝገቡ ላይ ነው። ስለዚህ ትልቁ ስጋት ዋሽንግተን ወይም ጄኔቫ አይደለም። ትልቁ ስጋት ያልተቆለፈ ቁም ሳጥን፣ ፍላሽ ላይ የተገለበጠ ኤክሴል፣ የመምህር ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ ነው። እርስዎም የካርዷን ፎቶ ለባለቤትዎ ሲልኩ በቤተሰብ ግሩፕ አይላኩ። ቴሌግራም ላይ ከላኪና ከተቀባይ ውጭ ማንም እንዳያነበው ሆኖ የሚቆለፈው «ሚስጥራዊ ቻት» የሚባለው ብቻ ነው፤ ተራው ቻትና ግሩፕ እንደዚያ አይደለም። ፌስቡክ ላይ «ልጄ ተከተበች» ብለው ከነስሟና ከነልደት ቀኗ መለጠፍማ ጭራሽ አይሞከርም።

ወደ ምርምሩ ልሻገር። የሚገርመው፣ የዚህ ክትባት ታሪክ ራሱ ሳይጠየቁ በተወሰደ ነገር የተሞላ ነው። በ1951 ባልቲሞር ውስጥ ሄንሪታ ላክስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት እናት የማህፀን በር ካንሰር ይዟት ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሞቹ ሳያስፈቅዷት ከዕጢዋ ቆርሰው ወሰዱ። እሷ በ31 ዓመቷ ሞተች። ሴሎቿ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ መራባታቸውን አላቆሙም፤ እስካሁንም አላቆሙም። ጀርመናዊው ሐራልድ ሱር ሐውዘን ካንሰሩን የሚያመጣው ይህ ቫይረስ መሆኑን ሲያረጋግጥ፣ ከቫይረሱ ዓይነቶች አንዱን፣ 18ኛውን፣ እነዚሁ ሴሎች ውስጥ አግኝቶታል። በ2008 የኖቤል ሽልማት ወሰደ። ክትባቱም ከዚያ ዕውቀት ተወለደ። በ2013 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የሴሎቿን ሙሉ የዘር ቅንጅት ቤተሰቡን ሳይጠይቁ ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። የልጅ ልጆቿ ውርስ በአደባባይ ተሰጣ ማለት ነው። ቁጣ ሲነሳ አነሱት። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ከቤተሰቡ ጋር ተስማማ፤ መረጃውን ማየት የሚፈልግ ተመራማሪ እንዲያመለክት፣ ማመልከቻውን በሚያይ ኮሚቴ ውስጥም ከቤተሰቡ ሰዎች እንዲቀመጡ ተደረገ። 62 ዓመት ፈጀ።

ስለዚህ «ሳይጠይቁን ቢያውሉትስ» ያሉት ተገቢ ጥያቄ ነው። በእኛ አገር ሰው ላይ የሚሠራ ምርምር መጀመሪያ በምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ መታየት አለበት። የመድኃኒት ወይም የክትባት ሙከራ ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድም ይጨመርበታል። ለልጅ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ነገሩ የሚገባት ዕድሜ ላይ ከደረሰች የእሷም እሺታ ይጠየቃል። የምርምር ፎርም ሲያዩት ይለያል። የጥናቱ ርዕስና የተመራማሪው ስም አለው። የኮሚቴው ስምና ስልክ አለው። «በፈለጉ ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ፤ ቢያቋርጡም ሕክምናዎ አይጓደልም» ይላል። አንድ ቅጂም ለእርስዎ ይቀራል። የደረሰዎት ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ ከሌለ ለምርምር የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ማንም ተነስቶ «ፈርመሻል» ሊልዎት አይችልም። ይህ ሁሉ ያለበት ሌላ ወረቀት ከክትባቱ ጋር ተያይዞ ከመጣ ደግሞ ለብቻው አንብበው ለብቻው ይወስኑ። አንዱን እምቢ ብለው ሌላውን እሺ ማለት ይችላሉ።

እምቢ ማለት ይችላሉ ወይ? አዎ። ይህ ክትባት በግድ የሚሰጥ አይደለም። ምክሬ ግን በዚህ መብት በመርፌው ላይ እንዳይጠቀሙ ነው። በፎርሙ ላይ ይጠቀሙበት። ጊዜም የለዎትም። ልጅዎ 13 ነች፤ የነጻ ክትባቱ ጣሪያ 14 ነው። ክትባቱ የሚሠራው ከቫይረሱ ጋር ከመገናኘቷ በፊት ሲሰጥ ነው፤ የገባውን አያስወጣም። አቅርቦቱም ሁሌ እንዲህ ይሆናል ብሎ መተማመን ይከብዳል። በሰኔ 2025 የአሜሪካ ጤና ሚኒስትር ሮበርት ኤፍ ኬኔዲ ጁኒየር አገራቸው ለጋቪ ከእንግዲህ ገንዘብ እንደማትሰጥ ተናግረዋል። አሜሪካ ከትልልቆቹ ለጋሾች አንዷ ነበረች። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ ገንዘብ ይካሄድ የነበረው፣ እኛም የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና የምንለካበት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ፕሮግራም ተቋርጦ ነበር። ዋሽንግተን ላይ የሚፈረም ወረቀት አዳማ ላይ ያለውን ማቀዝቀዣ ባዶ ሊያደርገው ይችላል። ዛሬ ማቀዝቀዣው ውስጥ አለ።

ሰኞ ይህን ያድርጉ። ፎርሙ ላይ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ስልክዎን ይጻፉ። ፋይዳና የበሽታ ጥያቄው ላይ ሰረዝ ያድርጉ። ከታች «በክትባቱ ተስማምቻለሁ፤ ለሌላ ዓላማ አልፈቀድኩም» ብለው በእጅዎ ጽፈው ይፈርሙ፤ ፎቶም አንስተው ያስቀሩ። ለዳይሬክተሩ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ወረቀቱ ከዘመቻው በኋላ ማን ጋ ይቀመጣል? መቼስ ይወገዳል? ካልመለሱ አይጣሉ፤ ጤና ጣቢያ ሄደው ያስከትቧት።

ልጅቷ በልታ ትሂድ። ተቀምጣ ትወጋ፤ ከዚያ 15 ደቂቃ እዚያው ትቆይ፤ በዚህ ዕድሜ መርፌ ሲያዩ ራስን መሳት የተለመደ ነው። ክንዷ ሊያማት፣ ትንሽ ሊያተኩሳት ይችላል። ከዚህ በፊት ለእርሾ ወይም ለዚህ ክትባት ከባድ አለርጂ ታይቶባት ከነበረ ለከታቢዋ በጆሮ ይንገሯት፤ ሳይነጋገሩ አይወጓት። ፊቷ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ነው። ለባለቤትዎም ይደውሉላቸው። አቡ ዳቢ ላይ አብሯቸው የሚሠራ፣ ሴት ልጅ ያለችው የአገሩን ሰው ስለዚህ ክትባት ይጠይቁት ይበሏቸው። ከቲክቶኩ የተሻለ ይነግራቸዋል።

እርስዎስ? 38 ዓመትዎ ነው። የቅድመ ካንሰር ምርመራ የሚመከረው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው። በኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ተቀብቶ በዓይን የሚታይ ነው፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ልጅቷን ይዘው ጤና ጣቢያ ከሄዱ ያኑ ቀን ለራስዎም ይጠይቁ።